የደንገጎ ቁልቁለት በሰማይ ላይ

ቀበቶው «ቀጭ» ሲል ነው ሁሉም ነገር የመጣብኝ። ሌላ ምንም አልነበረም፤ ያቺ ትንሽ የብረት ድምፅ ብቻ። አስተናጋጇ በመተላለፊያው እያለፈች የየሰዉን ወገብ በዓይኗ ስትፈትሽ፣ እኔ ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር ስለማላውቅ አጠገቤ የተቀመጡትን ባልቴት ሰረቅ አድርጌ እያየሁ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ አንዴ ቀጭ አደረጉት፣ ዓይናቸውን ከደኑ። እኔም እንደሳቸው አደረግኩ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ላይ ተቀመጥኩ። መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ቀን ሥልጠና የላከኝ ድሬዳዋ ነበር። ድሬዳዋ መሆኑን ልብ በልልኝ።

ሲነሳ ጆሮዬ ተደፈነ። ትንሽ ቆይቶ ደመና ውስጥ ሲገባ ተንቀጠቀጠ፤ ፒስታ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሚኒባስ፣ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ። ባልቴቷ ማንኮራፋት ጀምረው ነበር። ከፊታችን አንዲት ሴት ልጇን ታጠባለች። ከማዶ ያለው ሰውዬ ስልኩ ላይ ካርታ ይጫወታል። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ የቆቃ ውሃ አበራ፤ ከጎኑም የወንጂ ሸንኮራ እርሻ በመስመር በመስመር ተከፋፍሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ ታየኝ። ከዚያ ብዙም ሳንቆይ መውረድ ጀመርን። ሻዬን እንኳ ጠጥቼ ሳልጨርስ አለቀ።

«ይቺ ናት?» አልኩ ለራሴ። «ለዚች ነው ያ ሰው የቀረው?»

እንግዲህ ልንገርህ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ እኛ የናዝሬት ከተማ ቡድን ደጋፊዎች መዋያችን ጎሚስታ ቤት ነበር። ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች ጎማቸውን የሚያስለጥፉበት፣ ከስታዲየሙ ብዙም የማይርቅ ግቢ ነው። ያረጁ ጎማዎች ላይ ተደርድረን እንቀመጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚቃጠል ላስቲክ ይሸታል። የንፋስ መሙያው ሞተር በየመሃሉ ዱብ ዱብ ዱብ እያለ ሲነሳ ወሬው ይቋረጣል፤ ሲጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ የናዝሬት ነፋስ አዋራውን ሲያነሳው አፋችንን በክንዳችን ሸፍነን እናወራ ነበር እንጂ ዝም ያለ ሰው አላስታውስም።

ባለቤቱን «ጋሼ» እንላቸው ነበር። የአርሲ ደራ ሰው ናቸው። ከሾፌሮቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ቡድናችን ሲሸነፍ በሁለቱም ይሳደባሉ። ኳስ ከማንም በላይ የሚያውቁ እሳቸው ነበሩ፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናምን ነበር። ተጫዋች በተሸጠ ቁጥር ክሪኩን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ «ኳስ ተጫዋች የአውቶቡስ ተሳፋሪ ነው። ወንበሩን ያሞቀዋል እንጂ የሱ አይሆንም» ይሉ ነበር። እኛም የሄዱትን እንቆጥራለን። እንትና አዲስ አበባ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም እንኳ አይልም። እንትና ለውድድር ወጥቶ እዚያው ጠፋ። ሲሄዱ ያለቅሳሉ፣ ሲደርሱ ይረሳሉ። ይህን የምንለው እኛ፣ አብዛኞቻችን ከሞጆ ወዲያ ተሻግረን የማናውቅ ነን።

በረኛው ከልምምድ በኋላ እየመጣ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር። ወንጂ የሸንኮራ ሠራተኞች ሰፈር የተወለደ ልጅ ነው፤ አባቱ ፋብሪካው ውስጥ ሠርተው ሲሞቱ እናቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ ከተማ መጡና ከጎሚስታው ጀርባ ቤት ተከራዩ። ረዥም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሰፌድ የሚያህል። ጨዋታ ሊጀመር ሲል የቀኙን ቋሚ በተረከዙ ሁለት ጊዜ፣ የግራውን አንድ ጊዜ ይመታል። ለምን እንደሆነ ጠይቀነው አያውቅም፤ ካልመታ ግን እኛ ራሳችን ከመቀመጫችን «ቋሚውን!» ብለን እንጮህበታለን። ወደድነው ብል አነሰ። የኛ ነበር። እንደሱ ያለ በረኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ያ ወሬ የተነሳው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ከእኛ አንዱ፣ አውሮፓ ውስጥ አውሮፕላን የሚፈራ አጥቂ እንዳለ፣ ቡድኑ በአየር ሲሄድ እሱ በመኪና እንደሚሄድ፣ ሩቅ ከሆነም ጭራሽ እንደሚቀር አወራ። ሳቅን። አንዱ፣ «ያን ሁሉ ገንዘብ እየበላ!» አለ። ጋሼ ደግሞ ጎማ እየነቀሉ፣ «ሞት ደሞዝ አይጠይቅም፣ ልጄ» አሉ። ያን ጊዜ በረኛው፣ ብዙ የማይናገረው ልጅ፣ «ግን ምኑን ነው የሚፈራው?» ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። 

«እኔ ተሳፍሬ አይቼዋለሁ፤ እውነቱን ነው ሰውዬው» አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው እኔን ዞሮ አላየኝም ነበር። ሥራ የለኝም፣ ኳስ አልችልም፣ ስለ ኳስ የማወራው ሁሉ ከጋሼ የሰማሁትን ነው። «ተሳፍረህ ታውቃለህ እንዴ?» አሉኝ። «ከአጎቴ ጋር። ድሬዳዋ።»

ድሬዳዋ ከአጎቴ ጋር መሄዴ እውነት ነው። የሄድነው ግን በአውቶቡስ ነበር፤ አሰበ ተፈሪ ላይ አስመለሰኝ፣ ሂርና ላይ አስመለሰኝ፣ ቁልቢን አልፈን የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ደግሞ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ያን መንገድ ካየኸው ታውቀዋለህ። ጠመዝማዛው አያልቅም፣ ገደሉ ከመስኮቱ ሥር ነው። ፍሬኑ ሲቃጠል ሸተተን፤ ረዳቱ ራሱ «ኧረ ቀስ!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው በየሃይማኖቱ ይጸልያል። እኔ ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ አነሳሁና ሰማይ ላይ አወጣሁት። አውሮፕላኑ ድንገት እንደ ድንጋይ ይወርዳል አልኳቸው። ሆድህ ጉሮሮህ ጋ ይደርሳል። እንደ መንገድ ይጠማዘዛል፣ ግን መንገድ የለም። አስተናጋጇ ራሷ ትጮኻለች። ሰዉ ይጸልያል። የሚቃጠል ነገር ይሸትሃል። «ምን ዓይነት ሽታ?» አለኝ በረኛው። አፍንጫዬን ጋሼ ላስቲክ ወደሚለጥፉበት እሳት አዞርኩና፣ «ልክ እንደዚህ» አልኩት። በመጨረሻም፣ ከማን እንደሰማሁ እንጃ፣ ጆሮ ይደፈናል አልኩ። ከተናገርኩት ሁሉ እውነት የሆነችው እሷ ብቻ እንደነበረች ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው።

ሞተሩ ዱብ ዱብ ብሎ ወሬዬን እስኪያቋርጠው ድረስ እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ የእኔ አውሮፕላን የቤቱ ጨዋታ ሆነ። አዲስ ሰው ሲመጣ «ንገረው እስቲ!» ይሉኛል፤ እኔም እነግረዋለሁ፣ በነገርኩ ቁጥርም አንድ ነገር እጨምራለሁ። በረኛው ሁሌም ይሰማል። አንድም ቀን አልሳቀም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አይደል? የእኔ አፋፍም አልበቃው፣ ደመና ውስጥ ገባ።

በዓመቱ ግብፅ ያለ አንድ ክለብ በረኛውን ለሙከራ ጠራው። ወሬው ጎሚስታ ቤት የደረሰ ዕለት ጋሼ ሥራ አቁመው ለሁላችን ለስላሳ ከፈቱ። ደስ ብሎናል፤ ከፍቶናልም። የቡድናችን በር ባዶ ሊቀር ነው። አንዱ ቀላጅ፣ «አውሮፕላኑን ከፈራህ ዓባይ ላይ ጀልባ ይዘህ ውረድ፤ ውሃው ራሱ ያደርስሃል!» አለው። ሁላችንም እየተንከባለልን ሳቅን፤ እሱ ጠርሙሱን በዚያ ትልቅ እጁ እያሽከረከረ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚከፋው ሲነሳ ነው ሲወርድ?» አለኝ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ «አይዞህ፣ ሁለቱም ያው ነው» አልኩት። ያን ጊዜ እንዲቀርልን ፈልጌ ነበር እንዴ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው ደጋግሜ የምጠይቀው።

ሽኝቱን እዚያው ግቢ ውስጥ አደረግን። ጎማዎቹን አጥበን ዙሪያውን ደረደርን። ሰማያዊ፣ ባለ ጎማ ትልቅ ሻንጣ ሰጠነው፤ ጋሼ የሻንጣውን ጎማዎች ራሳቸው ዘይት ቀብተውለታል። እናቱ የወንጌል አማኝ ነበሩ፤ እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከልባቸው ጸለዩለት። ከዚያ ጋሼ ተነስተው መረቁት። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። በሄድክበት ሰው ይውደድህ። ዞረህ እንዳታይ» አሉት። ሁላችንም አሜን አልን። ሽኝት በኛ ዘንድ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። የተመረቀ፣ የተለቀሰለት፣ ሻንጣ የተሰጠው ሰው ሄዷል ማለት ነው፤ ቢፈልግም ባይፈልግም ሄዷል። ያለ ሽኝት ሹልክ ብሎ ቢሄድ ኖሮ ሹልክ ብሎም ይመለስ ነበር። እኛ መመለሻውን በምርቃት ዘጋንበት።

በሚኒባስ ቦሌ ድረስ ሸኘነው። እናቱ ቀሩ፤ ቤት ሆኜ እጸልያለሁ ብለው። በሩ ላይ ተሳፋሪ ያልሆነ አይገባም ስላሉን እዚያው ተቃቅፈን ተለያየን። ሊገባ ሲል ዞረ። ጋሼ፣ «ዞረህ አትይ አላልኩህም!» ብለው ጮኹበት፤ እሱ ግን ያየው እኔን ነበር። አንድ ነገር እንድለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። እኔም፣ «ሲነሳ ዓይንህን ጨፍን! ሲጠማዘዝ ደግሞ እናትህን አስባት!» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

እኛ ከአጥሩ ውጭ ሆነን ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቅን። በኋላ አንድ አውሮፕላን ሲነሳ አንዱ፣ «የሱ ነው!» አለ። በምን እንዳወቀ ማንም አልጠየቀውም። የቡድናችንን ማልያ አውልቀን አውለበለብን፤ መዝሙራችንን ዘመርን፤ ጋሼ ኮፍያቸውን አንስተው እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። እንባቸውን አየሁት። ስንመለስ ዱከም ወርደን ጥሬ ሥጋ በላን። ስንበላም ስለሱ አወራን፤ አሁን ሱዳን ላይ ይሆናል፣ አሁን ሊደርስ ነው እያልን።

ከዚያ ያሉት ወራት የወሬ ወራት ነበሩ። ስልክ እንደዛሬው በየኪሱ አልነበረም፤ ወሬ ካልመጣ ደግሞ እኛ እንሠራዋለን። ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ አሉ። አሠልጣኙ «አንበሳው» ብሎ ይጠራዋል አሉ። «አሉ» ያሉት እነማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። እናቱ ከገበያ ሲመለሱ በግቢው በር ያልፋሉ፤ ጋሼ ብድግ ብለው፣ «እንዴት ነው ልጃችን?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ዘንቢላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እየቀየሩ፣ «ጌታ ከእሱ ጋር ነው» ይላሉ። ሁሌም ይህንኑ ነው የሚሉት። ሌላ አንድ ቃል አይጨምሩም።

ቡድናችን መሸነፍ ሲጀምር ወሬው መረረ። አዲሱ በረኛ ኳሱን በእጁ ሳይሆን በጸሎት የሚይዝ ነበር። ያን ጊዜ «ሲመቸው ረሳን» ተጀመረ። እንደሌሎቹ ነው፣ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም፣ ሻንጣውን ራሱ ሸጦት ይሆናል። ከሁሉ የከፋውን ስድብ የተሳደበው ያ ቀላጅ ነበር፤ እናቱ በአጥሩ ማዶ ልብስ ሲያሰጡ እየሰሙት። እኔም ከተሳዳቢዎቹ መሃል ነበርኩ። ለምን እዋሻለሁ አሁን?

በሰባተኛው ወር ግድም አንድ የማውቀው ሰው ወንጂ ሞቶ ለለቅሶ ሄድኩ። ከቀብር ስመለስ መንደሩን አቋርጬ ወደ ታክሲው እየሄድኩ ነበር። ፋብሪካው የሚተፋው የሞላሰስ ሽታ አየሩን ሞልቶታል፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን ያቅለሸልሻል። ሸንኮራ ቆራጮቹ ከሥራ ወጥተው ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጥላሸታቸውን እንኳ አልታጠቡም። ለበሩ ቋሚ ሁለት ግንድ ተክለዋል። ቆሜ ማየት ልማዴ ነው፣ ቆምኩ። በረኛው ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ የቀኙን ግንድ በተረከዙ ሁለት ጊዜ፣ የግራውን አንድ ጊዜ መታ።

እሱ ነበር። ወደ ሜዳው ዳር ተጠጋሁ። እሱም አየኝ። ጓንት ያላጠለቀውን እጁን አንስቶ፣ «ጠብቀኝ» የሚል ምልክት አሳየኝና ጨዋታው እስኪያልቅ ተጫወተ።

ከሸንኮራው ዳር፣ ውሃ የሚተላለፍበት ቦይ አጠገብ ተቀመጥን። ነገረኝ። ቦሌ ውስጥ ገብቶ ተፈትሿል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠብቋል። «ከዚያ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ልክ አንተ እንዳልከው» አለኝ። የነዳጁ ሽታ ይሆን፣ የምን ይሁን፣ እንጃ። ሲጠሯቸው ሰዉ ሁሉ ተነሳ፤ የሱ እግር አልነሳ አለው። ሻንጣውን አስመልሶ ሲወጣ እኛ ከአጥሩ ማዶ ነበርን። «ስታውለበልቡ ከኋላችሁ ቆሜ አየኋችሁ» አለ። «ጋሼ ሲያለቅሱ አየኋቸው። ልጠራችሁ ነበር። ምን ብዬ ልጥራችሁ? መርቃችሁኛል'ኮ።» ቀጥሎ በተነሳው ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ዱከም ሥጋ ቤቱ በር ላይ ስንሳሳቅ አይቶን አለፈ። ወንጂ የአክስቱ ቤት ገባ። እናቱ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቃሉ፤ በየቅዳሜው እየመጡ ያዩታል።

ያን ጊዜ «ጌታ ከእሱ ጋር ነው» የሚለው ንግግራቸው ገባኝ። እኚያ ሴት በዚያ ግቢ በር ባለፉ ቁጥር አንድም ቀን አልዋሹም።

ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ከግብፁ ክለብ ጋር ያገናኘው ሰው አሁንም እየጠበቀው ነበር። ክለቡ በረኛ ፈልጎ አላገኘም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ከመጣ ይቀበሉታል። በረኛው ይህን ነገረኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ጀምበሯ ሸንኮራው ላይ ስለነበረች ዓይኑን አጨንቁሮ ነው የሚያየኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ወንድሜ። ያ ያወራኸን ሁሉ እንዳለ እውነት ነው? አጋንኜው ነው ካልከኝ፣ በእናቴ፣ ነገውኑ እሄዳለሁ።»

አየህ፣ ከዚህ የቀለለ ነገር ለሰው ልጅ ተሰጥቶ አያውቅም። «ተሳፍሬ አላውቅም» ሁለት ቃል ናት። አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ያቺን ስላት የጎሚስታው ግቢ በሙሉ ታየኝ፤ ቀላጁ፣ ጋሼ፣ «ንገረው እስቲ!» እያሉ የሚያሞግሱኝ ሁሉ። ይህ ሰው ሄዶ ቢነግራቸውስ? በዚያ ግቢ ውስጥ እኔ ያለችኝ አንዲት ነገር ያቺ አውሮፕላን ነበረች።

«እውነት ነው» አልኩት። «ግን ይለመዳል።»

ራሱን ነቀነቀ። «እግዚአብሔር ይስጥህ። ሌላው ሁሉ ምንም አይደለም ነው የሚለኝ» አለ። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ፤ ማልኩለት። ምስጢሩን ጠበቅኩለት ደግሞ። በዚህም ለብዙ ጊዜ፣ ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር! እስቲ አሁን ይሄ ያኮራል?

ወሩ አለቀ። በዓመቱ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። የሚመጣበትን አውቆ ነው የመጣው፤ ደግሞም መጣበት። ከተማው ለሁለት ዓመት ያህል ሳቀበት። ስታዲየም ሲገባ አንዳንዱ ክንዱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ይሮጥ ነበር። አሠልጣኙ ተጠባባቂ አድርጎ አስቀመጠው፣ ከዚያም ተወው። ጋሼ ብቻ አልሳቁበትም። ያን ቀን ቦሌ ላይ እሱ የሌለበትን አውሮፕላን እንደሸኙ ሲገባቸው ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አላወሩም፤ በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ጠርተው አመጡትና ክሪኩን በእጁ ሰጡት። «ና፣ ልጄ። ጎማ መሬት አይለቅም» አሉት። እዚያው ቀረ። ጋሼ ሲያርፉ ግቢውን ለሱ ተዉለት፤ እናቱም ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

ከድሬዳዋ በአውሮፕላኑ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ቃላት ሳዘጋጅ ነበር። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፣ ይሰድበኛል፣ ቢመታኝም ይምታኝ፣ ብቻ ይወቀው። በማግሥቱ ከሥራ መልስ ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ ሄድኩ። ግቢው አጠገብ ስደርስ ግን ባዶ እጄን መግባት ከበደኝ። ሞተሩን አቆምኩና፣ እንዳትስቅብኝ፣ የደህናውን ጎማ ነፋስ በገዛ እጄ አስተነፈስኩት። እየገፋሁ ገባሁ።

ሽታው ያው ነው። የንፋስ መሙያው ሞተር ያው ዱብ ዱብ ይላል። ጎማዎቹ ላይ የማላውቃቸው ደጋፊዎች ተቀምጠው፣ ወደ ውጭ ስለተሸጠ አንድ አጥቂ ይከራከራሉ። እሱ ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል፤ እጁ ግን ያ እጅ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ጎማዬን ፈትቶ ውስጠኛውን ላስቲክ አወጣና ውሃ በተሞላው በርሜል ውስጥ እየደፈቀ ቀዳዳውን ይፈልግ ጀመር።

«ድሬ ሄድክ አሉ» አለኝ።

«ሄድኩ።»

«በአየር?»

«በአየር።»

ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ይሄን ሰውዬ ታውቁታላችሁ? ያኔ የሸኙኝ ሁሉ ሂድ ሂድ፣ ምንም አይደለም ሲሉኝ፣ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ፈሪ ሲለኝ እኔ ግን አውቃለሁ። እሱ ነግሮኛል።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም። ምሬት ቢኖርበት ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አንዱ ደጋፊ ፈገግ ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ይህን ታሪክ ደጋግሞ እንደሰማው ያስታውቃል።

ያዘጋጀሁትን ቃል ልጀምር ወደ በርሜሉ ተጠጋሁ። አየሁት። ይህ ሰው የተሳቀበት፣ ሜዳውን ያጣበት፣ ጋሼን ከኋላቸው ቆሞ ሲያለቅሱ ያየበት ነገር በሙሉ የቆመው በእኔ ወሬ ላይ ነው። ለጥቂት ጊዜ የሚንቀጠቀጥ፣ ባልቴት የምታንኮራፋበት፣ ሻይ የሚጠጣበት ነገር ነው ብዬ ብነግረው፣ ምን ይተርፈዋል?

«እና?» አለኝ። እጁ ውሃው ውስጥ ቆሟል። «እንደነገርከኝ ነው አይደል? አሁንም?»

«አዎ» አልኩት። «እንደነገርኩህ ነው። እንዲያውም ብሷል።»

በረዥሙ ተነፈሰ። ላስቲኩን አንድ ዙር አዞረው፤ አረፋ አልወጣም።

«ቀዳዳ የለውም'ኮ። ሰው ነው ያስተነፈሰብህ» አለኝና ወደ ሰዎቹ ቀና አለ። «አያችሁ? አልዋሸኝም።»